ሚዜ ነበርኩ

በዚህ ገጽ ላይ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ መንግሥት ነው። ስለ ምርጫ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ጋዜጣ፣ ስለ በጀት፤ ባጭሩ ሥልጣን የያዘ ሰው ለያዘው ሥልጣን መልስ ይሰጥ ዘንድ እንደሚገባው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12፣ ማለትም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም እንዲጠየቅ የሚያዘውን አንቀጽ፣ ስንት ጊዜ እንደጠቀስኩት ቆጥሬ አላውቅም። አንባብያን ግን ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም «ደግሞ መጣ ከአንቀጹ ጋር» እያላችሁ መሳቅ ከጀመራችሁ ቆይታችኋል።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ሹመት ነው። ያለ ተፎካካሪ የተሾምኩበት፣ አንድ ቀን ብቻ የሠራሁበት፣ እስካሁንም ማንም ያላወረደኝ ሹመት። ሚዜ ነበርኩ።

ጓደኛዬ ያገባው በጥር ወር 1994 ዓ.ም. ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ያደግን፣ በመዝሙር ጊዜ ድምፁ ከሁላችን በላይ የሚሰማ፣ በዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ሲያጠና እንኳ ጾም የማይገድፍ ሰው ነበር። እርሷም የዚያው ሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ የሒሳብ መምህርት። በዚያን ጊዜ እኛን በመሰሉ የአዲስ አበባ ልጆች ዘንድ በተክሊል ማግባት እንደ ትልቅ ክብር ይታይ ነበር። ወላጆቻችን አብዛኞቹ በሰማንያ ተጋብተው ለቁርባን የበቁት ልጆች አሳድገው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ነው። በቁርባን የታሰረ ጋብቻ እንደ ሰማንያ ወረቀት የማይቀደድ መሆኑን ስለሚያውቁ ይፈሩት ነበር። እኛ አልፈራነውም። አለመፍራታችን ከእምነት ይሁን ካለማወቅ፣ አሁን ወደ ኋላ ሳየው መለየት ይከብደኛል።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን ቅዳሴው ሲደርስ ሙሽሮቹ ካባ ለበሱ፣ አክሊል ደፉ፣ ቅብዐ ቅዱስ ተቀቡ፣ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። ካህኑ እጇን በእጁ ላይ አኑረው ሲያስረክቡት እኔ በስተቀኙ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። የተናገረውን ቃል ሁሉ ሰምቻለሁ። በኋላም በወረቀቱ ላይ በምስክርነት ፈርሜአለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽራዋ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «ሚዜዬ» ነበር የምትለኝ። ለበዓል ስንጠራራ፣ ልጅ ስትወልድ ልጠይቃት ስሄድ፣ በስልክም ሳይቀር «ሚዜዬ፣ ጠፋህ እኮ!»

በአባቶቻችን ወግ ሚዜ ማለት ሱፍ ለብሶ ለቪዲዮ የሚቆም ሰው አልነበረም። አንደኛ ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም ለመሆን ይምል ነበር፤ ከእናት ከአባቷ ርቃ ወደማታውቀው ቤት ስትገባ በባሏ ላይ አቤት የምትልበት ሰው እርሱ ነው። ከእርሱ በላይ ደግሞ የነገር አባት አለ፤ ውሉ በፊቱ የተነገረ፣ ነገር ሲበላሽ የሚጠራ። ዋስ አለ። ንስሐ አባት አለ። በአገር ቤቱ የሰማንያ ውል ተጋቢዎቹ በንጉሡ ስም ይምሉ እንደነበር ከሽማግሎች የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እንግዲህ ባል ሲያገባ የሚሰጠው ቃል ለሚስቱ ጆሮ ብቻ የሚባል አልነበረም፤ ነገ «ቃልህ የት አለ?» ብለው ሊጠይቁት መብት ባላቸው ሰዎች ፊት የሚሰጥ ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አባቴ የነገር አባት ነበር። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቴ በፊት፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው ገጠራችን፣ አንድ የክረምት ምሽት አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ቤታችን ገባች። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ እግሯን አጠበቻት። አባቴ ምን እንዳጠፋች አልጠየቃትም። ባሏ የጋራቸውን በሬ ሸጦ ገንዘቡን የት እንዳደረሰው አልናገርም ማለቱን፣ ስትጠይቀውም እንደመታት ከነገረችው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ቃሉን የሰጠው በእኔ ፊት ነው፤ መልሱንም ለእኔ ይሰጣል።» በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ ሄደ።

የቀረውን የሰማሁት አብረውት ከሄዱት አጎቴ ነው። አባቴ የሰውየው ቤት ደርሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እንጀራ ቀረበ፤ አልበላም አለ። ጠላ ቀረበ፤ አልጠጣም አለ። «መልስ ሳልሰማ እህልህን አልቀምስም» ብሎ ያንን ቀንና ሌሊቱን፣ የሚቀጥለውንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጭ አለ። በአገራችን እንግዳ ቤት ገብቶ እህል አልቀምስም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ የከተማ ልጆች ማስረዳት ይከብዳል፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ደጁ ላይ ሰው ይሰበሰባል፤ ባለቤቱ መግቢያ ያጣል። በሁለተኛው ቀን ሰውየው የበሬውን ገንዘብ ለማን እንደሰጠው ተናገረ፣ አዲስ ዋስ ጠራ፣ ሚስቱንም ራሱ መጥቶ ከቤታችን ወሰደ።

እዚህ ላይ ያን ዘመን አሞካሽቼ ልለፍ ብል ውሸታም እሆናለሁ። ያቺ ሴት ስትዳር ዕድሜዋ ስንት እንደነበር ማንም አልጠየቃትም፤ እናቴ እንደነገረችኝ ከሆነ ገና ልጅ ነበረች። ያው አባቴ ሌሎች ሴቶችን «ቻይው» ብሎ ሲመልስ አይቻለሁ፤ በተለይ ባልየው የሥጋ ዘመዱ ሲሆን። ያ ሥርዓት ፍትሐዊ አልነበረም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ነበረው፤ ባልን የመጠየቅ ግዴታ ያለበት፣ በስም የሚታወቅ ሰው ነበር። ያ ሰው ግዴታውን ባይወጣ ደግሞ እርሱ ራሱ ያፍር ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ።

ጓደኛዬ ካገባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ተመድቦ ወደ ምዕራብ ሄደ። በሁለት ወር፣ በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። በ1997 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ከተማው ሁሉ በምርጫ ክርክር ሲግል እርሱም እረፍት መጥቶ ነበር። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠን የቴሌቪዥኑን ክርክር እያነሳን እንጨቃጨቃለን፤ እርሱ ከእኔ ይበልጥ ይቆጣ ነበር። «ይህ ሕዝብ የሚጠይቀው ዳቦ ብቻ አይደለም፤ መልስ ነው። ሹም መልስ መስጠት አለበት!» እያለ ጠረጴዛ ሲመታ አጠገባችን የነበሩት ዘወር ብለው አዩን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ማኪያቶውን ትንሽ ካማሰለ በኋላም ነገረኝ። ፕሮጀክቱ ባለበት ከተማ አንዲት ሴት አለች። ወንድ ልጅ ወልዳለታለች። አርባ ቀኑ ገና አልሞላም።

«ገመናዬን ሸፍንልኝ» አለኝ። እኔም ሸፈንኩለት።

ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነው። ጓደኛዬ ነው፤ በኃጢአቱ ተጨንቋል፤ ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ እኔ ምን አግብቶኝ ትዳር አፈርሳለሁ፤ በባልና ሚስት መካከል የሚገባ የእርጎ ዝንብ ነው። አንዱም ውሸት አይደለም፤ ግን ሁሉም የሚያገለግሉት አንድን ሰው ነበር። በዚያው በግንቦት ወር፣ ምርጫው ሊደረግ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ግንቦት 1 ቀን አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በሚስት ላይ የሚፈጸመውን ድብደባ በስሙ ጠርቶ ወንጀል ያደረገ፣ አመንዝራነትንም የተበደለው ባል ወይም ሚስት አቤት ሲሉ የሚያስቀጣ ሕግ ነው። ስለ እርሱ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ስለ ምርጫው ግን በየቀኑ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ደወለችልኝ። «ሚዜዬ፣ ቤት ብትመጣ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የተለመደው ጨዋታ አልነበረም። ስሄድ ሁለተኛ ልጇን አስተኝታ ጠበቀችኝ። ቡና አፍልታ ነበር። የሆነ ፎቶግራፍ ከጃኬት ኪስ አግኝታለች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ዓመት የሞላው የሚመስል ሕፃን፣ ግንባሩ የአባቱ። «ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም ብዬ ብዋሽ ይሻል ነበር ወይስ አውቃለሁ ብል፣ እስከ ዛሬ ለራሴ መልስ የለኝም። እኔ ያልኩት ሁለቱንም አይደለም። «ታገሺ፤ ጸልዪበት፤ ሽማግሎች እንጠራለን» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ሌላ ቡና ቀዳችልኝ። አለመመለሴ መልስ ሆኖላት ነበር።

ሽማግሎቹ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ከእርሱ ወገን፣ አንዱ ከእርሷ፤ ከንስሐ አባታቸውና ከእኔ ጋር አምስት። ሁሉም የተከበሩ፣ በየአጥቢያቸው በአገልግሎት የሚታወቁ ክርስቲያን ወንዶች ናቸው፤ አንዳቸውንም ክፉ ሰው ነው ለማለት አልደፍርም። በጸሎት ተጀመረ። ከዚያ ጥያቄ መጣ። «ልጄ፣ እርሱ ከመንገድ ሲመጣ በምን ዓይነት ፊት ትቀበይዋለሽ?» «ወደ ሥራው ቦታ ተከትለሽ ለምን አልሄድሽም?» «ማስተማሩን ትተሽ ቤትሽን ብትይዢ ምን ይጎድልሻል?» «ጾም ላይ ፈቃዱን እየከለከልሽው ይሆን?» ይህን የመጨረሻውን የጠየቁት ንስሐ አባታቸው ናቸው፤ ጾምን ያስተማሯትም እርሳቸው። እኔ ከልማድ የተነሣ ጥያቄ እቆጥራለሁ፤ የጋዜጣዊ መግለጫ በሽታ ነው። ለእርሷ አሥራ አንድ ጥያቄ ቀረበላት። ለእርሱ አንድ፤ «ይቅርታ ትጠይቃለህ?» «እጠይቃለሁ» አለ። ተነሥቶ የሽማግሎቹን ጉልበት ሳመ። ስለ ሌላዋ ሴት ማንም አልጠየቀም። ሕፃኑ በዚያ ሁሉ ሰዓት «ያ ነገር» እየተባለ ታለፈ።

«ሳሙ፣ ተሳሳሙ» ሲባል እርሷ አልተነሣችም። «አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች። ተፈቀደላት። «ልጁን ማን ያሳድገዋል?»

ዝምታ ሆነ። ከሽማግሎቹ አንዱ «እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጊዜው ይታያል» አሉ። በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የወንድ ጥያቄ ሊባል የሚገባው ያ ብቻ ነበር፤ የጠየቀችው ግን የተበደለችው ሴት ናት። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ። አዎን፣ በላሁ። አባቴን ያስታወስኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ «የክርስቲያን ባል ሥልጣን» የሚባል ነገር በሰርግ ስብከት እሰማለሁ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈው ይነበባል፤ ሚስቶች ለባሎቻቸው ይገዙ ዘንድ የሚያዘው ክፍል ሁሉም በቃሉ የያዘው ነው። ባል እስከ ሞት ድረስ ራሱን አሳልፎ እንዲሰጥ የሚያዘው፣ ቁጥሩም ይበልጥ የሚረዝመው ክፍል ግን ሲነበብ ሙሽራው በአብዛኛው ክራቫቱን ያስተካክላል። ነቢዩ ሚልክያስ እግዚአብሔር በአንድ ሰውና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክር እንደነበረ ተናግሮ ስለከዳት ሲወቅሰው በሰርግ ላይ ተነቦ ሰምቼ አላውቅም። በገነት ውስጥ ፍሬዋን ቀድማ የበላችው ሔዋን ሆና ሳለ እግዚአብሔር ፈልጎ የጠራው አዳምን ነው። የኛ ሽማግሎች የሚጀምሩት ከሔዋን ነው፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው ይጨርሳሉ።

ጥፋቱ የአንድ ቤተ እምነት አይደለም። የፕሮቴስታንት ወዳጆቼ የቅድመ ጋብቻ ትምህርት አላቸው፤ ለሳምንታት ጥንዶቹን አስቀምጠው ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማት፣ ስለ ልጅ ያነጋግራሉ፤ ጥሩ ሥራ ነው፤ የኛም አጥቢያዎች አንዳንዶቹ ጀምረውታል። የደም ምርመራ ወረቀት አምጡ የሚሉ አጥቢያዎችም በሁለቱም ወገን አሉ። አንድ ወዳጄ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አማካሪ ሆኖ ዓመታት ያገለገለ፣ ግን እንዲህ አለኝ፤ «በር ላይ ጥሩ ፈታሽ አለን፤ ከገቡ በኋላ የሚያያቸው የለም።» ንስሐ አባትም ቢሆኑ ስንት ቤት ይዘው ስንቱን ይጠይቁ? በዓመት በዓል መጥተው ጠበል ረጭተው፣ «ሰላም ናችሁ?» ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሰምተው ይሄዳሉ። ሥልጣኑ ያላቸው እርሳቸው ሲሆኑ፣ ሥልጣናቸው የሚደርሰው ሰውየው ራሱ መጥቶ እስከተናገረው ድረስ ነው።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎት ነበር። ዕርቅም ፍቺም በቤተ ዘመድ ሽማግሎች እጅ ነበር፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ የሰርጉ ምስክሮች የነበሩ ወንዶች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ያንን ራስነት አነሣ፤ ቤቱን ሁለቱ በእኩልነት ያስተዳድሩ አለ፤ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የፍቺን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ለዚህ ሕግ ምን ያህል እንደደከመ አይዘነጋም። ሕጉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ግን ሕግ የሚጠይቀው ጋብቻው ሲፈርስ ነው። ቤት ለማን ይሁን፣ ልጅ ለማን ይሁን፣ ቀለብ ስንት ይሁን። ጋብቻው ቆሞ ሳለ ባልየውን የሚጠይቅ ዳኛ የለም፤ ሊኖርም የሚችል አይመስለኝም። እንዲያውም የወንጀል ሕጉ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ የሆነ ብሎ ስለተረጎመው፣ ሕጉ ራሱ መኝታ ቤቱ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ቆሟል። በዚያ በር የሚገባ ካለ ቃሉን የሰሙ ሰዎች ናቸው። እኛ ነን።

እኛ ደግሞ «የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው» እንላለን። ይህን አነጋገር የት እንደማውቀው ለረጅም ጊዜ ሳስብ ኖሬ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። መንግሥታት ስለ እስረኞቻቸው ሲጠየቁ የሚሉት ነው፤ «የውስጥ ጉዳያችን ነው፤ ሉዓላዊነታችን ይከበር።» ስንት ጊዜ ተሳለቅንበት! በየቤታችን ግን እያንዳንዳችን ትንሽ ሉዓላዊ መንግሥት ነን፤ ታዛቢ የማይገባበት፣ አቤቱታ የማይመዘገብበት፣ ብሔራዊ መዝሙሩ ደግሞ «ገመና» የሚባል። ኢሕአዴግ በዘመኑ ካድሬዎቹን ግምገማ ላይ አስቀምጦ ያናዝዛቸው ነበር፤ በግምገማው ብዙ ስቀናል፤ ከእኛ ወንዶች መካከል ግን ሚስቱ ሊቀመንበር ሆና የተገመገመ ካለ እጁን ያውጣ።

እርሷ አራት ዓመት ያህል ታግሣ በ2002 ዓ.ም. በስምምነት በፍርድ ቤት ተፋቱ። ተክሊሉን በሚመለከት ከቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ጉዳይ የምጽፈው እኔ አይደለሁም፤ የእርሷ ነው። የውሳኔው ወረቀት ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተገናኘን። እጄን ዘርግቼ «እንዴት ነሽ?» አልኳት። «ደኅና ነኝ፤ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?» አለችኝ። በስሜ ላይ «አቶ» ጨምራ። በአክብሮት ነበር፤ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችም። ስምንት ዓመት ሙሉ «አንተ» እና «ሚዜዬ» ያለችኝ ሰው «እርስዎ» ስትለኝ ግን ከሹመቴ መነሣቴን የተረዳሁ መሰለኝ። ከላይ ማንም አላወረደኝም ማለቴን አርሙልኝ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ የነገርኳት ዘግይቼ ነው። ከሰማች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሽንኩርቷን ስትከትፍ ቆይታ «አንተንስ የሚጠይቅህ ማን ነው?» አለችኝ። የእኔ አንደኛ ሚዜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ ለገናና ለፋሲካ ይደውላል፤ ስለ አገር ፖለቲካ አንድ ሰዓት እናወራለን፤ ስለ ትዳሬ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ስለ እርሱ። ባለቤቴ ይህን ስትጠይቀኝ ዝም ብላ አልነበረም። ከዚያ ሁለት ወር በፊት ከጋራ ሒሳባችን ስልሳ ሺህ ብር አውጥቼ ለታናሽ ወንድሜ ማበደሬን የባንክ ወረቀት አግኝታ ታውቅ ነበር። «ይህ እኮ ዝሙት አይደለም» ብዬ ተከራከርኩ። «አልወጣኝም» አለች፤ «እኔ የጠየቅኩህ ለምን እንዳልነገርከኝ ነው።» አባቴ ስለ በሬ ገንዘብ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ መዋሉ ትዝ ቢለኝም ለእርሷ አልነገርኳትም። በማግሥቱ ለሜሪላንዱ ሚዜዬ ደወልኩና በዓል ባይሆንም ነገሩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የራሱን ነገረኝ። አሁን በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ማታ በእኔ ሰዓት፣ እንጠያየቃለን፤ አንዳንዴ ያስጠላል፤ ሁለት ጊዜ ስልኩን ዘግቶብኛል።

ባለፈው ዓመት ጓደኛዬን ሄጄ አገኘሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ የሚኖረው ለብቻው ነው። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊት ፊት የአንዲቱን በግ ታሪክ ይዞ የቆመው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብሞክርም፣ እኔ የሄድኩት ሕፃኑ ጺም ካበቀለ በኋላ ነው። ቡና ቀረበ። «ዛሬ ሳትመልስልኝ አልጠጣም» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ፤ እኔም የአባቴን ነገር ስኮርጅ አፍሬ ሳቅሁ፤ ሲኒውን ግን አላነሣሁም። «ቃል ስትገባ አጠገብህ ነበርኩ። ምን ሆነህ ነው? ልጁንስ ምን አደረግከው?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ ልጁ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን፣ ክፍያውን እርሱ እንደሚከፍል፣ ፊት ለፊት ግን የተያዩት አራት ጊዜ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እናቱ ስለ መሞቷ ነገረኝ። ይህን አላውቅም ነበር። ምን ሆኖ እንደሆነ ለሚለው ጥያቄ «አላውቅም፤ ማንም ስላልጠየቀኝ አስቤው አላውቅም» አለ። ከዚያም፣ «ያኔ ብትጠይቀኝ ኖሮ እጣላህ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ለዚያ ነው ያልጠየቅኩህ።»

ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣሁት።

ማታ ለእርሷ ደወልኩ። ሄጄ እንደጠየቅኩት ነገርኳት። «ምን ብሎ መለሰ?» አለችኝ። ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት፤ ስለ ልጁም፣ ስለ ሴትየዋ መሞትም። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች። «ነፍሷን ይማር» አለች በመጨረሻ። «ልጁ ምን እያጠና ነው?» ምሕንድስና አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። የእኔን ልጆች ደኅንነት ጠየቀችኝ፤ ከዚያም «ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች።